ታናሽ ይቅደም

ጥቅምት 9

ባሻ፣ እንደምን ከረሙ?

ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የነዳጅ ቦቴው ወደ ካምፑ የሚወጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ መሆኑን እያወቅኩ፣ ባለፈው ዙር በአንድ ቀን አመለጠኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪና ሳሰማራ ኖሬ ለአንድ ፖስታ መጓጓዣ አጣሁ። እዚያ ስልክ ቢሠራ ኖሮ ይህን ጉዴን ባልሰሙ ነበር።

ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው። አልጋው ይመቻል፤ ከመጠን በላይ ይመቻል። የሚቀሰቅሰኝ የለም፤ ግን ከሌሊቱ አሥር ተኩል ሲሆን ዓይኔ በራሱ ይከፈታል። ትምህርት የሚጀምረው በሦስት ሰዓት ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ምን እንደማደርገው ስለማላውቅ አልጋዬን አነጥፋለሁ፣ ጫማዬን እቦርሻለሁ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ማንን እንደምጠብቅ አላውቅም።

የንግድ ትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው። በክፍላችን ሠላሳ ስምንት ነን። ወንበሮቹ ጎማ ስላላቸው ተማሪው መምህር ፊት ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ነው የሚናገረው። በመጀመሪያው ቀን መምህሯ ስትገባ ብድግ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። "መታጠቢያ ቤቱ በስተግራ ነው" አለችኝ።

ለዓመቱ በቡድን በቡድን ተመድበናል። የእኔ ቡድን አምስት ሰው ነው፦ ከባንክ የመጣ ልጅ፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ አንድ የሕንፃ መሐንዲስ፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የነበረች ሴት፣ እና እኔ። የሥራ ዕቅዱን አውጥቼ አድያቸዋለሁ፤ ሁሉም ተቀብለውታል። ሁኔታው የተረጋጋ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከእንግዲህ ሻምበል አይበሉኝ። "አንቺ" ይበሉኝ። በዕድሜ ልጅዎ ነኝ እኮ።

የቀድሞዋ ሻምበልዎ


ኅዳር 2

ለሻምበል፣

ሠላሳ ዓመት የለመደ ምላስ በደብዳቤ አይታጠፍም። ስለዚህ ሻምበል እንዳልኩዎ እቀጥላለሁ፤ ቢቆጡም ከሩቅ ነዎት።

እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ሾፌራችን ጥሩንባም እንደሚያውቁት ነው፤ መንገድ ላይ ድንጋይ ቢያይ ለድንጋዩ ጥሩንባ ይነፋል። "ሻምበል ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቋንቋችንን ይረሱት ይሆን?" እያለ ሾፌሮቹን ያስቃል።

"ሁኔታው የተረጋጋ ነው" የሚለውን ሳነብ ግን ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ይህን ቃል ለዋናው መምሪያ ሲያስተላልፉ ሁልጊዜ አጠገብዎ ነበርኩ። አንድ መኪና ሳይገለበጥ ብለውት አያውቁም።

የመጀመሪያ ጉዞዎን አልረሱትም መቼም። አሸዋማው ወንዝ ውስጥ ሦስት መኪና እስከ ወለሉ ሰመጠብን። አሸዋው ከዝናብ በኋላ እንደሚከዳ ጥሩንባ ያውቅ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ቢሉት "ሻምበል መች ጠየቁኝ?" አለ። በዚያን ዕለት ነው የድሮ አዛዤ ያስተማረኝን የነገርኩዎ። ቆባችንን ሁላችንም አውልቀን የመሪዋ መኪና ኮፋኖ ላይ ደረደርነው። መጀመሪያ ታናሹ ተናገረ፤ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ እኔ፤ እርስዎ መጨረሻ። ታላቅ ከቀደመ ታናሹ የሚቀረው "አዎ" ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቆብ ስናወርድ ኖርን፤ የሰመጠብን መኪና የለም።

ቆብዎ ጋራዡ ውስጥ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ረስተውት ነው ወይስ ትተውት?

ደግሞስ፣ ምንድነው የተገለበጠው?

ባሻ


ኅዳር 27

ባሻ፣

የተገለበጠው እኔ ነኝ። ስለደበቅኩዎ ይቅርታ።

አራቱ የቡድኔ ሰዎች ከቡድኑ እንድወጣላቸው ፈርመው ለመምህሯ አመለከቱ። ወረቀቱን ሰጠችኝና ፊቷ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ግማሽ ገጽ ነው። ስድብ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ቀን በሩብ ሰዓት ከፋፍዬ ጻፍኩ። ስብሰባውን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አደረግኩት። "ጥያቄ ያለው?" አልኩ፤ ማንም አልተናገረም። እኛ ዘንድ ትእዛዝ ተነግሮ ዝም ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እዚህ ዝም ከተባለ፣ ሰዎቹ ደረጃው ላይ ቆመው እያሙኝ ነው ማለት ነው። የባንኩ ልጅ ኋላ ላይ "እኛ የተመዘገብነው ለትምህርት ነው፤ ለግዳጅ አይደለም" አለኝ። ፋርማሲስቷ ደግሞ ሃያ ደቂቃ የዘገየች ዕለት ቆማ እንድታዳምጥ ማድረጌን አነሳች። እውነት ነው፤ አድርጌዋለሁ። ለካ ልጇ ታማባት ኖሯል። አልጠየቅኳትም።

መምህሯ ከቡድኑ አላስወጣችኝም። በሚቀጥሉት ሦስት ስብሰባዎች ጥያቄ ከመጠየቅ በቀር ምንም እንዳልናገር አዘዘችኝ። በመጀመሪያው አሥራ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። መሐንዲሱ ሲቆጥር ነበር፤ "ዘጠኙ ትእዛዝ ናቸው" አለ። "'ይህ እስከ ማክሰኞ ያልቃል አይደል?' ጥያቄ አይባልም።"

ቆቡን ትቼው ነው። አሁን ግን ትክክል መሥራቴን እጠራጠራለሁ። በመሰናበቻ ወረቀቴ ላይ፣ ከወጣሁ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ በማዕረጌ መመለስ እንደምችል ተጽፏል። የመጪው ዓመት ጥር 30 ያበቃል። ወረቀቱን ፍራሼ ሥር አድርጌዋለሁ። የምጠይቀው እርስዎን ብቻ ነው፦ ብመለስ ሽንፈት ነው?


ጥር 6

ለሻምበል፣

ያለጊዜው የመጣ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ቦቴው ዘገየ፤ እኔም ዘገየሁ። ጥያቄዎን ለመመለስ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አራተኛው ይኸውልዎ፦ አላውቅም። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ገባሁ፤ አልወጣሁም። ያልወጣ ሰው ስለ መመለስ ምን ይመክራል?

ስለ ፋርማሲስቷ ግን የምለው አለኝ። ጥሩንባ ሃያ ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ "ምን ሆንክ?" ይሉት ነበር። ደጋግመው ሲሉት ሰምቻለሁ። ሚስቱ የወለደች ሰሞንማ ፈረቃውን ራስዎ ነዱለት። እዚያ ሲሄዱ ቆቡን ትተው ፊሽካውን ብቻ ይዘው ሄዱ እንዴ?

ይቅርታ ይጠይቋት። አጭር ይሁን።

ሐኪሙ ጆሮዬን መረመረኝ። "ግራው ሞተር እንጂ ሰው አይሰማም" አለ። "ሞተር ይበቃኛል" አልኩት። ሌላ ወሬ የለም።

ባሻ


ሐምሌ 12

ባሻ፣

አልቋል። ጨረስኩ!

አዎ፣ እስከ መጨረሻው ከዚያው ቡድን ጋር ነበርኩ። ለመጨረሻው ሥራችን ስሜን ሳልጠየቅ ከላይ ጻፉት፤ አስወጥቼ በፊደል ተራ አስገባሁት። ፋርማሲስቷን ይቅርታ የጠየቅኳት እርስዎ እንዳሉት በአጭሩ ነው። "እኔም ማመልከቻው ላይ የፈረምኩት ከሁሉ መጨረሻ ነው" አለችኝ። የባንኩ ልጅ በምርቃቱ ቀን ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ፤ በግራ እጁ፣ ቡና በያዘበት። አላረምኩትም።

ሥራም አግኝቻለሁ። ሳሙናና የጽዳት ዕቃ ለሱቆችና ለሆስፒታሎች የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ዘጠኝ የጭነት መኪና አለው፤ እኔ የስርጭት ኃላፊ ነኝ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ስድስት ወር ሙከራ ነው፤ የካቲት ሲያልቅ ወይ ያጸድቁልኛል ወይ ያሰናብቱኛል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሥራ አስኪያጁ "ትልቁ ድክመትዎ ምንድነው?" አለኝ። እንደዚህ ብሎ የሚጠይቅ ጠላት ብቻ ይመስለኝ ነበር። "ዝምታን እሺታ አድርጌ መቁጠሬ" አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

የጆሮዎን ነገር በሁለት መስመር አለፉት። እንዴት ሆነ?


ነሐሴ 4

ለሻምበል፣

እንኳን ደስ አለን። ደብዳቤውን ለሾፌሮቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጥሩንባ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገብቶ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነፋው። ዘበኛው አደጋ መስሎት ሮጦ መጣ።

ለሥራዎ የሚሆን ከእኔ ዘንድ ብዙ የለም። መጀመሪያ ጎማዎቹን ይዩ፤ ሾፌር ሊዋሽ ይችላል፣ ጎማ አይዋሽም። ደግሞ የድሮ ቃላችንን አይርሱ፦ ብቸኛ መኪና የጠፋ መኪና ነው።

ጆሮዬ ያው ነው። እርስዎስ፣ የራስዎን ክፍል ይሰጡዎታል?

ባሻ


ጥቅምት 20

ባሻ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ለጥያቄዎ፦ አዎ፣ የራሴ ክፍል አለኝ። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ሰው ሁሉ ሳስብ ያየኛል። አንገቴ ላይ ስሜና ፎቶዬ ያለበት ባጅ አለ። ፎቶው ውስጥ እጅ ሰጥቼ የተማረክኩ እመስላለሁ።

ስመጣ ዘጠኙ መኪኖች በየፊናቸው ይበተኑ ነበር። ማን የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ኮንቮይ አድርጌያቸዋለሁ። ሦስት በሦስት፣ በመካከላቸው ሃምሳ ሜትር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከግቢው ይወጣሉ። የመሪው መኪና ሳያራግፍ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሲወጡ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ልቤ ይሞላል።

ሾፌሮቹ ወዲያው ተቀበሉት። እንኳን ቅሬታ፣ ትንፍሽ ያለ የለም።


ኅዳር 14

ለሻምበል፣

ሦስት በሦስት! እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። የከተማ ሰው ሥርዓት አይቶ ይደንግጥ።

ጋራዡ እንደነበረ ነው። አዲስ ወሬ የለም። በደንብ ይብሉ።

ባሻ


ታኅሣሥ 11

ባሻ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ወዲያው ይነቁብኛል።

ሥራው እየከዳኝ ነው። እኔ ሳልመጣ ዘጠኙ መኪኖች በቀን ዘጠና ደንበኛ ጋ ያደርሱ ነበር፤ አሁን ስልሳ ከደረሱ ጥሩ ነው። የአንድ ሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ሳሙና አልቆበት ግማሽ ቀን ቆመ። ባለፈው ሳምንት ሦስቱ መኪኖች አንዲት ጠባብ ሱቅ ፊት ተሰልፈው መንገዱን ሲዘጉ፣ አንዲት አሮጊት በረንዳዋ ላይ ወጥተው "ሙሽራዋ የታለች?" ብለው ጠየቁ አሉ። ይህን የሰማሁት ከሥራ አስኪያጁ ነው፤ እየሳቀ አልነበረም። "ምክንያቱን እስከ ጥር መጨረሻ ይንገሩኝ" ብሎኛል። እሱ የሚጠረጥረው ኮንቮዩን ነው። እኔ ግን መኪና ብቻውን መላክ አልችልም። ያችን ብቻዋን ልከናት ከነሾፌሯ ሳትመለስ የቀረችውን መኪና እኔም እርስዎም አንረሳትም። ስለዚህ ጫኞቹ ላይ ጠበቅ አደረግኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ወረቀቱን ከፍራሼ ሥር አውጥቼዋለሁ። ሃምሳ ቀን ቀርቶታል። ቦታዬ አሁንም ክፍት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።

አንድ ሌላ ጥያቄ። የእርስዎ ደብዳቤ ድሮ ሦስት ሳምንት ይፈጅ ነበር፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ያለፈው በአራት ቀን ደረሰኝ፤ የሚሸተውም ወረቀት ወረቀት ነው። ቦቴው ክንፍ አበቀለ?


ጥር 3

ለሻምበል፣

ቦታዎ ተይዟል። አዲስ ሻምበል መጥቷል። ረጅም ነው፤ ጋራዡ በር ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ራሱን ይመታል። ጥሩ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል አያስቡ።

ደብዳቤው የፈጠነው ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው አግኝቼ ስለላክሁት ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የጻፉልኝን ደብዳቤ ደግሜ አነበብኩ። የሥራ አስኪያጁ ቃል አለ፤ የአሮጊቷም ቃል አለ። የሾፌር ቃል ግን አንድ የለም። እዚህ ሳሉ እኮ ጥሩንባ ያለውን ሳይጽፉ ለመምሪያው እንኳ አንድ ገጽ ጨርሰው አያውቁም።

ብቸኛ መኪና የጠፋ መኪና ነው ያልኩዎ እኔ ነኝ። ኮንቮዩንም እሰይ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን እኔ የማውቀው መንገድ ሰው የማይኖርበት ነው። የእናንተን መንገድ አላውቀውም። እርስዎም ገና አላወቁትም። የሚያውቁት አጠገብዎ ቆመው ዝም ብለዋል።

ቆብ ያውርዱ፣ ሻምበል።

ባሻ


ጥር 22

ባሻ፣

አወረድኩ።

እዚህ ቆብ የሚያደርግ የለም። ዓርብ ከሥራ በኋላ ሾፌሮቹን፣ ጫኞቹን፣ የመጋዘን ኃላፊውንና ስምሪት የምትሠራውን ሴት ማራገፊያው ላይ ሰበሰብኳቸው። ባዶ የሳሙና ካርቶን መሀል አስቀምጬ ባጄን አውልቄ ከተትኩ። እያመነቱ ሁሉም ከተቱ። ማዕረግ ስለሌለን፣ መጀመሪያ የሚናገረው ከሁሉ በኋላ የተቀጠረው ይሁን አልኩ። አንድ ጫኝ ሆነ፤ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው፣ ከገባ ወር አልሞላውም።

"ቅር እንዳይልዎት ብቻ" አለ።

"አይለኝም።"

"መኪኖቹ ለምንድነው እንደ ጫጩት የሚከታተሉት?"

ስምሪቷ አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች። "አንተ! ስማቸውን ልታወጣው ነው!"

"ስሜ ማነው?" አልኩ። ሁሉም ጣሪያውን አየ።

"እናት ዶሮ" አለ በመጨረሻ ከሾፌሮቹ ሁሉ ትልቁ። "በፍቅር ነው።"

"በፍቅር አይደለም" አለች ስምሪቷ። "እንዋሽ እንዴ? ባጅ አውልቀናል እኮ።"

ባሻ፣ ፊቴ ነደደ። ግን መጨረሻ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ሱቆቹ የሚከፈቱት በሁለት ሰዓት ነው፤ በአሥራ ሁለት ወጥተው ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ይቆማሉ። አንዱ ሲያራግፍ ሁለቱ ይተኛሉ። መኪና ቢበላሽ ስልክ ይደወላል፣ መካኒክ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ትልቁ ሾፌር ጨመረበት፦ "እዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። የጠፋሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም መስመሩን እኔ አውቃለሁ ብለው ከፊት የመሩን ዕለት።" እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ነው፤ የተሳሳተ ድልድይ ላይ ነበር ያወጣኋቸው።

ተራዬ ሲደርስ ሰበብ አላቀረብኩም። ብቻዋን ስለላክናት መኪና ነገርኳቸው። የሳቀ የለም። ቀድሞ የተናገረው አዲሱ ጫኝ ነው፦ "እንግዲያውስ ሾፌሩ በየሁለት ሰዓቱ ለስምሪት ይደውል። እርስዎም ይተኛሉ፣ እኛም እንሠራለን።"

ከሰኞ ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና ለብቻው ይሄዳል፤ በየሁለት ሰዓቱ ይደውላል። ዓርብ ዓርብም ተሰብስበን ባጅ እናወልቃለን። በመጀመሪያው ሳምንት ሰማንያ ስምንት ደረስን፤ ትናንት ዘጠና አራት። ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ "እኔ ነኝ" አልኩት። ማስታወሻውን ገልጦ ወደ ኋላ ፈለገና የሐምሌውን ገጽ አሳየኝ። ከዚያ ዘጋው። ይጸድቅልኝ እንደሆነ አልነገረኝም።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ይህም ደብዳቤዎ በአራት ቀን ደረሰ። ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይገኝም፤ ያንን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ። ባሻ፣ የት ነዎት?

እርስዎም ቆብዎን ያውርዱ።


የካቲት 16

እህቴ ልበልሽ ልጄ አላውቅም። ዛሬ ግን እንደለመንሽኝ "አንቺ" እልሻለሁ፤ ቆብ አውርጃለሁና።

በመስከረም ጡረታ ወጣሁ። በጆሮዬ ምክንያት ነው። አሁን የምኖረው እህቴ ቤት፣ ጓሮ ባለች ክፍል ነው። የአንቺን ደብዳቤ ጥሩንባ ከካምፕ እየተቀበለ በሌላ ፖስታ ይልክልኛል። ስልክ ደውይ አልልሽም፤ ቀኙም ጆሮዬ ደክሞ በስልክ የሰው ድምፅ አይሰማኝም።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ እነቃለሁ። አልጋዬን አነጥፋለሁ፣ ጫማዬን እቦርሻለሁ፣ በሩ ሥር ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ማንን እንደምጠብቅ አላውቅም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም ነበር። እህቴ "ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ በሩን አትዝጋብኝ" ትለኛለች።

ለምን ደበቁኝ አትበይኝ። የምትጽፊለት ካምፕ እንዲኖርሽ ፈልጌ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከካምፕ የምጽፍ ሰው መሆን ፈልጌ ነው።

የከፋው ይቀራል። ረጅም ሻምበል የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ወንበርሽ ባዶ እንደሆነ ጥሩንባ በታኅሣሥ ጽፎልኛል። እኔ እዚያ መስዬሽ እንድትመለሺ አልፈለግኩም፤ እኔ የለሁም ብዬሽ እንድትቀሪም አልፈለግኩም። ከሁለቱ መሸሽ ስላቃተኝ ዋሸሁ። አሁን ጥር 30 አልፏል። በውሸቴ በር ዘግቼብሽ ከሆነ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ብትቆጪ ይገባሻል። ባትጽፊልኝም ይገባኛል።

ቆብሽን ይዤው ወጥቻለሁ። አላስፈቀድኩም።

ባሻ


የካቲት 29

ባሻ፣

ይህን በቀጥታ ወደ እህትዎ ቤት ልኬዋለሁ፤ አድራሻውን ከጥሩንባ ተቀበልኩ። በአራት ቀን ይደርስዎታል።

ረጅሙ ሻምበል እንደሌለ የማውቀው ከጥር 10 ጀምሮ ነው። ዋናው መምሪያ ራሱ ጻፈልኝ፦ ቦታው ክፍት ነው፣ እስከ ጥር 30 ያሳውቁ ይላል። ሁለት ቀን ተቆጣሁዎ። የሚቆጡበትን ሰው ምክር ተቀብሎ ቆብ ማውረድ ከባድ ነው፤ ግን አወረድኩ። ያን ዓርብ ባጄን ካርቶኑ ውስጥ ስከት የመምሪያው ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኔም ደብቄዎታለሁ፤ እኩል ነን።

ጥር 29 መልስ ጻፍኩላቸው። አመሰገንኩ፤ አልመለስም አልኩ። በርዎ አልዘጋብኝም፣ ባሻ። ክፍት መሆኑን አይቼ ነው ያለፍኩት።

ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ከስብሰባው በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠች ዶሮ አገኘሁ። አንገቷ ላይ ባጅ ተንጠልጥሏል። ማን እንደሠራት የሚናገር የለም። የመስታወቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ። ድሮ ብመለስ ሽንፈት ነው ወይ ብዬ ጠይቄዎ ነበር። መሐንዲሱ ቢሰማ ጥያቄ አይደለም ይል ነበር፤ "አይደለም ይበሉኝ" የሚል ትእዛዝ ነው። እርስዎ አላውቅም አሉኝ። ስለዚያ አመሰግንዎታለሁ።

ዛሬ ጸድቆልኛል። ወረቀቱ አንድ አረፍተ ነገር ነው። ሾፌሮቹ ሲደውሉ ስምሪቷ ለእያንዳንዳቸው በስልክ እንደ ዜና አነበበችላቸው።

አሁን እውነተኛ ጥያቄ ልጠይቅዎ። አራተኛዋ መኪና ዳገት ላይ ድምፅ ታሰማለች። ሦስት መካኒክ አይቷት ምንም አላገኘም። የጋራዡ ኃላፊ ጎበዝ ነው፣ ግን በኮምፒዩተር ነው የሚያዳምጣት። ስለ እርስዎ ግራ ጆሮ ነገርኩት። "ሦስት ቀን መጥተው ቢያዳምጡልኝ" አለ። ሥራ ተገኝቶልዎታል እያልኩ አይደለም፤ ያንን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ከሦስቱ ቀን በኋላ ያለውን እናንተ ሁለታችሁ ተነጋገሩበት።

ይመጣሉ? የማይሆን ከሆነ አይሆንም ይበሉኝ። ዝም ካሉ እሺ ብለዋል ብዬ አልቆጥርም። ያንን ተምሬያለሁ።

ልጅዎ


መጋቢት 4

ልጄ፣

ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ለእህቴ ስነግራት "በመጨረሻ ከበሩ ተነሣህልኝ" አለችና ወንበሩን ወዲያው ወደ ቤት አስገባችው። ከዚያ ግን ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው።

አራተኛዋን መኪና ከመምጣቴ በፊት እንዳትነካኩብኝ። በጻፍሽው መሠረት ፍሪሲዮኗን እጠረጥራለሁ፤ ሳልሰማት ግን አልምልም።

ቆብሽን አመጣልሻለሁ። አጥቤዋለሁ፤ ትንሽ ሳይሰበሰብ አልቀረም። ብታደርጊው ባታደርጊው የአንቺ ነው፤ ከካርቶኗ ዶሮ አጠገብ ብትሰቅይውም አይከፋኝም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ዓርብ ማራገፊያው ላይ ትሰበሰባላችሁ። ካንቺ ጋር ዘጠኝ ዓመት ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኜ ስናገር ኖርኩ፤ እኔ አፌን ስከፍት ዋናው ነገር ተብሎ አልቆ ነበር። በዚህ ዓርብ ከሁሉ በኋላ የገባሁት እኔ ነኝ። ባጅ ስለሌለኝ ካርቶኑ ውስጥ የምከተው የራሴን ቆብ ነው።

መጀመሪያ እኔ ነኝ የምናገረው። ብዙ ነው የምለው፣ እናት ዶሮ፤ ወንበር ይዘሽ ጠብቂኝ።

ባሻ